ማኅበርተኞቹ

ጎፋ ገብርኤል አካባቢ የምንኖር ሰዎች አንድ እድር አለን። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስት አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጣት አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ተራው ደርሶ ለቅሶ ቤት ያልተገኘም ይቀጣል። «ታምሜ ነው» ብትሉ የእድሩ ጸሐፊ «የሐኪም ወረቀት አምጣ» ይላል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ስንት ሰፈር ፈርሶ ስንት ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ይህ እድር አልፈረሰም።

እናላችሁ፣ ከአባላቱ መካከል ሁለት አዛውንቶች አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛውን ባለ ከዘራው፣ ሁለተኛውን ባለ ባርኔጣው ልበላቸው። ሁለቱም ሰባ አምስትን የረገጡ ናቸው። ሁለቱም ቀብር አይቀሩም። ሁለቱም ጋዜጣ በብብታቸው ሳይሸጉጡ ከቤት አይወጡም። ነገር ግን ባለ ከዘራው በድንኳኑ ቀኝ አግዳሚ ከተቀመጡ ባለ ባርኔጣው ወደ ግራው ይሄዳሉ። ይህን ለዓመታት ሳይ ኖሬ አንድ ቀን የእድሩን ዳኛ ጠየቅኋቸው።

«ምን ሆነው ነው? የአጥር ነገር ነው?»

«ምን አጥር አላቸው ብለህ! የዩኒቨርሲቲ ነገር ነው» አሉኝ። «አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው፣ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ኋላ አንደኛው ኢሕአፓ ሆነ፣ አንደኛው መኢሶን ሆነ። ከስድሳ ዘጠኝ ወዲህ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።»

«ሦስተኛውስ?»

ዳኛው ትንሽ ዝም አሉና «የእሱንስ ቀብር ማን አየው ብለህ» አሉኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠብ አይደለም። ሦስቱን ጎረምሶች ከአንድ ትሪ ስላበላቸው ነገር ነው፤ ስለ ተማሪዎች ማኅበር። እንዴት ተወለደ? እንዴት አደገ? ወንድማማቾቹንስ እንደዚያ የለያያቸው ምንድን ነው? (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪዎች በወንድማማችነት ስም መማማል የጀመሩት ትናንት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፋይ ቤታ ካፓ የሚባለው የኮሌጅ ተማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1776፣ ማለትም አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀችበት ዓመት ነው። መሐላ ነበረው፤ የሚስጥር አጨባበጥ ነበረው። ከዚያ በኋላ በግሪክ ፊደል የተሰየሙ ማኅበራት በየኮሌጁ ፈሉ። በ1906 ደግሞ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ። የነጮቹ ማኅበር በር ለጥቁር በማይከፈትበት ዘመን፣ በሩን ከማንኳኳት ይልቅ የራሳቸውን ቤት ሠሩ ማለት ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የዚህ ማኅበር አባል ነበር።

የእኛ ተማሪ ግን የግሪክ ፊደል አላስፈለገውም። የራሱ የቆየ ልማድ ነበረው። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ስሙን ወደማያውቁበት አገር ይሄዳል። እዚያ ከጎጃም የመጣው ከወሎው፣ የሸዋው ከትግሬው ጋር አንድ ጎጆ ይቀልሳሉ። ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አብረው ይቋደሳሉ። የታመመውን ያስታምማሉ፤ የሞተውን ይቀብራሉ። ወንድሙ ማን እንደሆነ የሚወስንለት ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ ሳይሆን ከማን ጋር ትበላለህ የሚለው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊው የተማሪዎች ማኅበር የተወለደው አራት ኪሎ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ኃላፊው ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የጀስዊት ቄስ ነበሩ። ተማሪው ጥቂት ነው። መንግሥት በነጻ ያስተምረዋል፣ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተለቅመው የመጡ ልጆች ጎን ለጎን በተደረደሩ አልጋዎች ላይ ተኙ። የቆሎ ተማሪው ጎጆ በግንብ ተሠራ ማለት ነው። አዳሪ ተማሪ ደግሞ ማታ ማታ ሥራው ወሬ ነው። ወሬው ክርክር ሆነ፣ ክርክሩ ክበብ ሆነ፣ ክበቡ የተማሪዎች ምክር ቤት ወለደ። «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የሚባል ጋዜጣም ነበራቸው። መጀመሪያ ላይ ጥያቄያቸው የራሳቸው የግቢ ኑሮ ነበር፤ የሚያስቆጣ ፖለቲካ አልነበረውም።

ከ1951 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የነጻ ትምህርት ዕድል የሰጧቸው የአፍሪካ ተማሪዎች መጡ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ እና ከሌሎችም አገሮች የመጡት እነዚህ ልጆች ቅኝ ገዢን እየታገለ ካለ አገር ስለመጡ ስለ ፖለቲካ ለመናገር አይፈሩም። በሦስት ሺህ ዘመን ታሪኩ የሚኮራው የእኛ ተማሪ ከጎኑ የተኛው ናይጄሪያዊ ስለ አገሩ ትምህርትና መንገድ ሲያወራው አንገቱን መድፋት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ ጃንሆይ ሳያስቡት የራሳቸውን ተቃዋሚዎች ያስተማሩላቸው እንግዶች ጋበዙ።

ማኅበር ትምህርት ከጨረሱም በኋላ እንደሚሠራ የተረዳው ሌላው ሰው ግርማሜ ንዋይ ነው። አሜሪካ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመለሰና የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መሪ ሆነ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሲባል ሻይ ጠጥቶ ትዝታ አውርቶ መለያየት ይመስላል። በግርማሜ ጊዜ ግን የአገር ጉዳይ የሚነሣበት ቦታ ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ግርማሜ ወላይታ፣ ቀጥሎም ጅጅጋ አስተዳዳሪ ተደርጎ ከመዲናዋ ራቀ። የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆኖ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። ከሁለት ቀን በኋላ የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው አደባባይ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ። ተማሪው ግን አደባባይ መውጣትን አንዴ ቀምሷል።

በዚያው በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ላይ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ቀን ግጥም እንደ ድሮው የበዓል ማድመቂያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ የነጻ አዳሪነቱ ቀረ። መንግሥት ወጪ ለመቆጠብ ነው አለ፤ ተማሪው እንደ ቅጣት ቆጠረው። በእኔ ግምት ግን መንግሥት እዚህ ላይ ተሳስቷል። ግቢ ውስጥ ተከልሎ ይኖር የነበረ ልጅ አፍንጮ በርና ጉለሌ ቤት ተከራየ። ከአከራዩ፣ ከጉሊት ሻጯ፣ ከቀን ሠራተኛው ጋር አንድ ደጃፍ ዋለ። ስለ ድሃ ግጥም የሚጽፈው ልጅ ከድሃው ጋር ጎረቤት ሆነ።

በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ጃንሆይ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዋናው ግቢ ሰጡ። እዚያ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው ከፈረንጆቹ የሚስጥር ማኅበር ጋር የሚመሳሰል ነገር የተፈጠረው። «አዞዎች» ይባሉ ነበር። ጥቂት ናቸው፤ በስውር ይገናኛሉ፤ የማርክስንና የሌኒንን ጽሑፎች ያነባሉ፤ በተማሪው ስብሰባ ላይ ማን ምን እንደሚናገር አስቀድመው ይመክራሉ። ስሙ ይስማማቸዋል፤ አዞ ከውኃው በላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ ስማቸው ከሚነሣው መካከል በኋላ ከኢሕአፓ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብርሃነ መስቀል ረዳ ይገኝበታል።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ፓርላማው ስለ ጭሰኛ የሚመለከት ሕግ ሲወያይ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወጡ። ከጀርባው የአዞዎቹ እጅ ነበረበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። ሠልፈኛው ሁሉ የጭሰኛ ልጅ አልነበረም። በርስትና በጉልት ያደጉ፣ መሬቱ ለአራሹ ቢሰጥ ቤታቸው የሚጎድልባቸው ልጆችም አብረው ጮኸዋል። በግንቦት 1958 ዓ.ም. ደግሞ ሾላ አካባቢ ለማኞች ታጉረው የሚኖሩበትን ካምፕ ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ተሠለፉ። የዚህ ማኅበር ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ለራሱ ሳይሆን ለሌላው ጮኸ። ዛሬ ስናማቸው ይህን መርሳት የለብንም።

ማኅበሩ ከከተማ የወጣው ደግሞ በራሱ በዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ የማገልገል ግዴታ ተጣለበት። አብዛኛው አስተማሪ ሆነ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጂኦግራፊ እያስተማረ መሬት ለአራሹን ጨምሮ አስተማረ። የስድስት ኪሎ ጩኸት ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ሐረር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

በ1959 ዓ.ም. በየግቢው ተከፋፍለው የነበሩት ማኅበራት አንድ ሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት ተመሠረተ። «ስትራግል» የሚል መጽሔት ነበረው፤ ትግል ማለት ነው። እኔ ከዚህ ኅብረት ታሪክ ውስጥ ሁሌም የሚገርመኝ ግን መጽሔቱም ሠልፉም አይደለም፤ ምርጫው ነው። በ1961 ዓ.ም. ጥላሁን ግዛው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። ተሸነፈና ምን አደረገ? በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተወዳደረ፤ አሸነፈም። በቃ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚገባ፣ በዓመቱ ተመልሶ ድምፅ የሚጠይቅ ፖለቲከኛ የነበረው እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጥላሁን የመሳፍንት ዘር ነው፤ የልዑል መኮንን ባለቤት የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ደግሞ ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ አስመልክቶ እስከ ዛሬ ክርክሩ ያልተዘጋ ጽሑፉን በ«ስትራግል» አወጣ። ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ፣ ጥላሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ በጥይት ተመታ፤ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ። ሌሎችም ሞቱ።

ባለ ከዘራውና ባለ ባርኔጣው ያን ዓመት አዲስ ገቢ ተማሪዎች ነበሩ። ሦስቱ አንድ ክፍል የተከራዩት በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ደጅ ያለው አደባባይ ሲዘጋ ጓዳው ሰፋ። ግልጹ ኅብረት እየተዳከመ የአዞዎቹ ዓይነት ስውር ክበብ በዛ። ውጭ አገር በነበሩት ተማሪዎች መካከል መኢሶን በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ፣ በኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ደግሞ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ተመሥርተው ነበር። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ልጆች ናቸው። ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነው፤ መፈክራቸው አንድ ነው። አብዮቱ ሲመጣ፣ ደርግም ሥልጣን ሲይዝ፣ ልዩነታቸው አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጥቶ ከውስጥ መግፋት ይሻላል አለ። ተማሪው በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ ቁጥሩ ወደ 60 ሺህ ይጠጋል። ሲመለስ የጠበቀው ከሁለት አንዱን ምረጥ የሚል ከተማ ነበር።

የሐሳብ ልዩነት በራሱ ምን ክፋት አለው? ስድስት ኪሎ ቢሆን ኖሮ ይከራከሩበት ነበር፤ ድምፅ ይሰጡበት ነበር፤ የተሸነፈው በዓመቱ ይመለስ ነበር። ስውር ድርጅት ውስጥ ግን ምርጫ ላይ ተሸንፎ መመለስ የለም። የተለየ ሐሳብ ያለው «ሰርጎ ገብ» ነው፣ «አድርባይ» ነው፣ «አንጃ» ነው። በ1969 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በኢሕአፓ ጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት ከኢሕአፓ አመራር የነበረው ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅቱ ተገደለ። ደርግ ደግሞ ቀይ ሽብር ብሎ አወጀና የሁለቱንም ወገን ልጆች በየመንገዱ ዘረገፈ። የኢሕአፓው ብርሃነ መስቀል ረዳና የመኢሶኑ ኃይሌ ፊዳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ተገደሉ። በሕይወት ሊስማሙ ያልቻሉ ሰዎች በአንድ ገዳይ እጅ፣ በአንድ ዓመት አለቁ።

አንድ ቀን ባለ ከዘራውን ብቻቸውን አግኝቼ ስለዚያ ጊዜ አነሣሁባቸው። ቆጣ ይላሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «አየህ» አሉኝ፣ «እኛ አብዮት እንዴት እንደሚካሄድ ከመጽሐፍ በደንብ አጥንተን ነበር። የተጣላ ጓደኛ እንዴት እንደሚታረቅ ግን ያጠና አልነበረም።»

ከዚያ ወዲህስ? ማኅበር አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና ሲያስገባቸው እዚያ ለጸሎት ከተሰባሰቡት ልጆች በኋላ ማኅበረ ቅዱሳን ወጣ። ሙስሊሙም ጀመዓውን፣ ፕሮቴስታንቱም ኅብረቱን አጠናከረ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነጻ ማኅበር ይኑረን፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ስንዝር አለመራመዱን ልብ በሉ። የአራት ኪሎው ልጅ የነበረውን ጋዜጣና ምክር ቤት የልጅ ልጁ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ በሁከትና በሞት ተደመደመ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው በዛ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። ግቢው ሲሰፋ ግን ወንድማማችነቱ ጠበበ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያን በመሳሰሉ ግቢዎች ተማሪ በብሔሩ ምክንያት ተገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኛም ሰፈር አንዲት እናት ልጃቸው የተመደበበትን ዩኒቨርሲቲ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ትምህርቱ አልነበረም። «እዚያ የእኛ ሰው አለ ወይ?» ነው ያሉት። አልፈርድባቸውም። የቆሎ ተማሪው እናት ግን ይህን አትጠይቅም ነበር። የእሷ ልጅ ሰው የሚሆነው እዚያ ሄዶ ከሚያገኘው ልጅ ጋር ነውና።

እንግዲህ እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማነሣው አንድ ነገር ነው። የስልሳዎቹ ማኅበርተኞች አንድ ከባድ ነገር ችለው ነበር፤ ከየትም ይምጣ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ሌላውን ወንድሜ ማለት። ያልቻሉት አንድ ነገር ደግሞ ነበር፤ ወንድማቸው ሐሳቡን ሲለውጥ ወንድምነቱን አለመንጠቅ። እኛ ዛሬ ሁለተኛውን ሳንማር የመጀመሪያውንም እየረሳን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪው በነጻ የሚመርጠው፣ የሚሟገትበት፣ የሚሸነፍበትና በዓመቱ የሚመለስበት ማኅበር ቢኖራቸው ይህን የሚማርበት ቦታ ያገኛል። በካድሬ የተሞላ ምክር ቤት ይህን አያስተምርም። ዝም ያለ ግቢም አያስተምርም፤ ዝም ያለ ግቢ ውስጥ አዞ እንደሚራባ አይተናል።

እድር ስንት ነገር ይወቀስበታል። ኋላ ቀር ነው ይባላል፤ ሞትን ብቻ ይደግሳል ይባላል። ግን እድር «ምን ታስባለህ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። መዋጮህን ክፈል፣ ቀብር አትቅር፣ ድንኳን ትከል ነው የሚለኝ። ባለ ከዘራውና ባለ ባርኔጣው ያን ያህል ዓመት ሳይነጋገሩ ከአንድ ድንኳን ሥር የዋሉት በዚህ ደንብ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ሞተው ድንኳን ተተከለ። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። ድንኳኑ አርጅቶ ኖሮ በግራው በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ሰው ሁሉ እየተነሣ ወደ ቀኙ ተሻገረ። ባለ ባርኔጣው ትንሽ ቆዩ፤ ባርኔጣቸው ላይ ውኃው ሲንጠባጠብ ግን ተነሡ። ቦታ የነበረው አንድ ጋ ብቻ ነው። ባለ ከዘራው ከዘራቸውን አነሡና ጠጋ አሉላቸው።

ብዙ አልተነጋገሩም። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን ባለ ባርኔጣው ወደ መሬት እያዩ «ጉልበትህን ያምሃል?» ሲሉ ሰማሁ።

«በብርድ ጊዜ» አሉ ባለ ከዘራው። «አንተስ?»

ድንኳኑን ለማሳደስ ከየአባሉ ተጨማሪ መዋጮ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ በበኩሌ ትንሽ ይቆይ ባይ ነኝ።